መልስ፦ የዶሮ ትል ወደ ልጆቼ ይተላለፋል?

እህቴ፣ ለገጣፎ ግቢሽ ውስጥ በዶሮዎቹ ኩስ ላይ ያየሽው ነጭና ረጅም ትል የዶሮ ወስፋት ይመስላል። እሱ ሰው ላይ አይራባም፤ ለልጆቹ አትስጊ። ለዶሮዎቹ ግን የእንስሳት ሐኪም አማክሪ።

እኔን ያሳሰበኝ ነፍሰ ጡር ነኝ ማለትሽ ነው። መሬት ጭረው የሚለቅሙ ዶሮዎች ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ የድመት ዓይነ ምድር ከነካው አፈር ይወስዳሉ፤ ሥጋቸው ውስጥም ይቀመጣል። በእርግዝና ላይ ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት እናት ወደ ፅንሱ ልታስተላልፈው ትችላለች። በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ አይገድለውም፤ የሚገድለው እሳት ነው። በደንብ የተንተከተከ ወጥ አያሰጋም። ስትበልቺ ግን እጅሽን፣ ቢላውንና መክተፊያውን በሳሙና እጠቢ። አንጀቱንም ጥሬውን ለድመት አትወርውሪ፤ ተሕዋሱን መልሳ የጎመን መደብሽ ላይ ልትዘራው ትችላለች።