መልስ፦ ለግቢ የሴራሚክ ካማዶ (ክዳን ያለው የከሰል መጥበሻ)፣ የፍርግርጉ ስፋት 38 ወይስ 46 ሴንቲሜትር?

ለአምስት ሰው የሚበቃውን ከጠየቅክ 46ቱን ውሰድ። በ38ቱ ሥጋውን በሁለት ዙር ለመጥበስ ትገደዳለህ፤ ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ ለማብሰልም ቦታው አይበቃም።

ከመክፈልህ በፊት ክዳኑን በወረቀት ላይ ዘግተህ ወረቀቱን ሳበው፤ ዙሪያውን ሞክር። ሳይይዝ ሸርተት ብሎ ከወጣ ጋስኬቱ (በክዳኑ ጠርዝ ያለው ማሸጊያ) በደንብ አልገጠመም፣ አየር ያስገባል፤ በ110 ዲግሪ ለሰዓታት ማቆየት ይቸግርሃል። ሙቀት መከለያው ድንጋይ አብሮ መኖሩንም ጠይቅ። ያለ እሱ ትልቅ ሥጋ ውስጡ ሳይበስል ታቹ ያርራል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ አየር ማስገቢያዎቹ ጠበው ከቆዩ ክዳኑን ባንዴ አትበርግደው። አየር የተጠማው ከሰል ድንገት ነበልባል ፊትህ ላይ ይተፋል። ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገህ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅና ክፈት።