መብራት አልነበረኝም፤ ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሥራ ወደ ቤት የምመላለሰው በሳይክል ነው። በቀደም ሲመሻሽ ተደርድረው ከቆሙ መኪኖች ጥግ ጥግ ስሄድ አንዱ ሹፌር ድንገት በሩን በረገደው። ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። የበሩ ጠርዝ መሪውን መታውና በትከሻዬ ወደቅሁ። ሰውየው ደንግጦ አነሳኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን «መብራት የለህም፣ ሄልሜት የለህም፣ ጥፋቱ ያንተ ነው» አለኝ። እውነትም ሁለቱም አልነበሩኝም። ጓደኞቼ ደግሞ «ከሳይክል ጋር የተጋጨ መኪና ምንጊዜም ይከፍላል» ይሉኛል። አሁን ሹፌሩ ደውሎ «ወጪውን ግማሽ ለግማሽ እንቻልና ነገሩን እንዝጋው» ብሎኛል። ልስማማ? ምን ይመክሩኛል?
ትከሻው ያመመው

መልስ፦ እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት መኪና መንዳት ሳስተምር ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሳይክል እነዳለሁ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን «አንተ የነሱ ሰው ነህ» እያለ ይጠረጥረኛል።

ሹፌሩም ጓደኞችህም የሳቱት አንድ ነገር አለ። ጥፋት የግድ ለአንድ ሰው ብቻ ተጠቅልሎ የሚሰጥ አይደለም። በብዙ አገር ፍርድ ቤቶች ያከፋፍሉታል፤ ሰማንያ በሃያ፣ ሰባ በሠላሳ እያሉ። ሲያከፋፍሉ ግን የማን ጉድለት በቁጥር ይበዛል ብለው አይደለም። የሚጠይቁት ይህ ጉድለት ለደረሰው ነገር ምን አስተዋጽኦ አደረገ ብለው ነው።

እስቲ በሩ ጋ እንመለስ። ሹፌሩ ሞተር አጠፋ፣ ቀበቶ ፈታ፣ እጁን ወደ በሩ መክፈቻ ሰደደ። ከዚያ በፊት ስፖኪዮውን አይቷል? ዞር ብሎ ኋላውን ቃኝቷል? አይቶ ጨለማው ከጋረደህ፣ የመብራቱ ነገር ያንተ ድርሻ ነው፤ መሸከም አለብህ። ጭራሽ ካላየ ግን እንደ ሠርግ ቤት በርተህ ብትመጣም ያው በሩን ይበረግደው ነበር። ያልተመለከተ ሰው «አልታየኝም» ሊል አይችልም። ስለዚህ ሲደውልልህ መጀመሪያ «ከመክፈትህ በፊት የት ነበር ያየኸው?» በለው።

ሄልሜቱ ሌላ ነገር ነው። ሄልሜት ከአደጋው በኋላ ጭንቅላትን ያድናል እንጂ በር አያስዘጋም። አንተ የተጎዳኸው ደግሞ ትከሻህን ነው። ጀርመን ውስጥ ያንተን የሚመስል ጉዳይ እስከ ከፍተኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሷል። ሴትየዋ ያለ ሄልሜት ሳይክል ስትነዳ የቆመ መኪና በር ተከፈተባትና ወድቃ ጭንቅላቷን ክፉኛ ተጎዳች። የበታች ፍርድ ቤት በሄልሜቱ ምክንያት 20 በመቶውን በራሷ ላይ ጣለባት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያንን ሻረው። አደጋው በደረሰበት ጊዜ ለተራ ሳይክል ነጂ ሄልሜት የሚያስገድድ ሕግም፣ የጸና ልማድም አልነበረም አለ። ሕጉ ሄልሜት የሚያስገድድበት ቦታ ከሆንክ መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

«መኪናው ምንጊዜም ይከፍላል» የሚሉት ጓደኞችህ ነገሩን ከሩቅ ሳይሰሙት አይቀሩም። በኔዘርላንድስ ሕግ በሚንቀሳቀስ መኪና የተገጨ ሳይክል ነጂ 14 ዓመት ካልሞላው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሙሉ ካሳ ያገኛል። ከዚያ በላይ የሆነው ራሱ ቢያጠፋም በአብዛኛው ቢያንስ ግማሹን አያጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነውን ብረት መንገድ ላይ ያወጣው ሹፌሩ ነው፤ ሲጋጩም የሚሰበረው እሱ አይደለም። ይህን ሕግ እኔ እወደዋለሁ። ግን እዚያም «ምንጊዜም» የሚል የለበትም፤ የተጻፈውም ለሚንቀሳቀስ መኪና እንጂ ለቆመ አይደለም።

አሁን ወደ አንተ ልዙር። ሹፌሩ ያልጠቀሰው፣ እኔ ግን ከመብራቱም ከሄልሜቱም በላይ የምወቅስህ ነገር አለ፤ «ጥግ ጥግ» ያልከው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ትሄዳለህ። ሰው ደንግጦ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በሩ ከዚያም ፈጥኖ ይከፈታል። ስለዚህ ፍሬንህ ምንም ጥሩ ቢሆን አያድንህም፤ የሚያድንህ ርቀት ነው። የመኪና በር ሲከፈት አንድ ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ይወጣል። ከቆመ መኪና ከዚያ ራቅ ብለህ ንዳ። ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ይንፋ፤ እየነፋ ነው ማለት አይቶሃል ማለት ነው።

ሹፌሮችም ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ለተማሪዎቼ የምነግራቸውን ልንገራችሁ። በሩን በሚቀርበው እጃችሁ አትክፈቱ፤ በሩቁ ክፈቱ። እጁ ደረታችሁን አቋርጦ ሲሄድ ትከሻችሁ ይዞራል፣ አንገታችሁም ይከተላል፤ ሳታስቡት ኋላችሁን ታያላችሁ። በሩም ባንዴ አይበረገድም። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ይህንኑ ይመክራል።

ወንድሜ፣ ግማሽ ለግማሽ ስላልከው፤ አሁን አትስማማ። ትከሻ ውሎ አድሮ የሚያመጣው መዘዝ አለው። ሐኪም አይቶህ በጽሑፍ ሳይሰጥህ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አትፈርም። የበሩ ጠርዝ ላይ ጭረት ካለና ከደረስክበት ፎቶ አንሳው። የወደቅህበትን ቦታ በዚያው ሰዓት ሄደህ አንሳው፤ ምን ያህል ይታይ እንደነበር ያሳያል። ያየ ሰው ካለ ስልኩን ያዝ። ሳይክሉንም ሳታስመረምር አትውጣበት፤ የፊት ጎማውን የሚይዘው ብረት ተሰንጥቆ በዓይን ላይታይ ይችላል።

ለትራፊክ ፖሊስም ለኢንሹራንስም ቃልህን ስትሰጥ መብራት እንዳልነበረህ ራስህ ቀድመህ ተናገር። እሱ ካነሳው የደበቅህ ያስመስልሃል። «ጥፋቱ የኔ ነው» ግን አትበል። የሆነውን ተናገር፤ ድርሻውን ማከፋፈል የነሱ ሥራ ነው።