ጁን ላይ ቦስተን አካባቢ ዓሣ ለማጥመድ፦ ሐይቅ ወይስ ባሕር?

ሰላም ወንድማችን፣ እንኳን ደህና መጣህ። የጠየቅከው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ያደግከው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው፣ ቦስተን አካባቢ ገና መግባትህ ነው፣ ጁን ላይ ሁለት ልጆችህን ይዘህ ዓሣ ማጥመድ ትፈልጋለህ። ሐይቅ ይሻላል ወይስ ባሕር? ፈቃድስ ያስፈልጋል? የተያዘው ይበላል ወይ?

ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች የቦታ ስም ደርድረውልሃል። ቦታዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን እዚህ አገር ቦታ ማወቅ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ሐዋሳ ላይ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል አይለዋወጥም። እዚህ ግን ያው ኩሬ ጃንዋሪ ላይ በረዶ ሆኖ ሰው ይቆምበታል፣ ጁላይ ላይ ልጆች ይዋኙበታል። ጁን መሃል ላይ ነው። ውሃው በየሳምንቱ ይሞቃል፣ ዓሣውም አብሮ ቦታ ይቀይራል። ባሕሩ ደግሞ ሐይቅ የማያውቀው ሌላ ጣጣ አለበት፤ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ስለዚህ ከቦታ ስም ይልቅ ስለ ሙቀትና ስለ ሙላት ልጻፍልህ። እነዚህን ሁለቱን ከያዝክ ቦታውን ራስህ ታገኘዋለህ።

ከልጆች ጋር ስለሆንክ ከሐይቅ ጀምር። ጁን ላይ ብሉጊልና ፓምፕኪንሲድ የሚባሉ ትንንሽ፣ ጠፍጠፍ ያሉ ዓሦች (ሰዎች በጥቅሉ ሰንፊሽ ይሏቸዋል) እንቁላል ለመጣል ዳር ይወጣሉ። ውሃው ጥልቀቱ ከጉልበት እስከ ወገብ በሆነበት አሸዋማ ቦታ ላይ ቆመህ ወደ ታች ብታይ፣ ክብ ክብ ሆነው የተጠረጉ ነጫጭ ጉድጓዶች ይታዩሃል። ጎጆዎቹ ናቸው። ወንዱ እላዩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። ትንሽ መንጠቆ፣ የትል ቁራጭ እና ተንሳፋፊ ቦበር በቂ ነው። ትሉን ሙሉውን አታድርገው፤ አፋቸው ትንሽ ስለሆነ ጫፍ ጫፉን በልተውብህ ይሄዳሉ። የጥፍር ያህል ቁራጭ ይበቃል። ልጅ ቦበሩ ሲሰጥም ካየ በኋላ ወደ ቤት መመለስ ነው የሚያስቸግርህ።

ለዚህ ብለህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። ቦስተን ውስጥ ጃማይካ ፖንድ አለ፣ ዎበርን ላይ ሆርን ፖንድ አለ፣ አርሊንግተንና ሜድፎርድ አጠገብ ሚስቲክ ሐይቆች አሉ። ወደ ዉስተር የሚሄድ ሰው ኩዊንሲጋመንድን ያውቀዋል። ላርጅማውዝ ባስ የሚባለው ትልቁ አዳኝም በዚሁ ጊዜ ዳር ዳሩን ነው። እሱም ጎጆ ይጠብቃል፣ በተለይ ሜይ መጨረሻና ጁን መጀመሪያ ላይ። ከጎጆው ላይ የያዝከውን ቶሎ መልሰው፤ ወንዱ በራቀ ቁጥር እንቁላሉን ሌሎች ይበሉታል። ማታ ማታ ደግሞ ቡልሄድ የሚባል የአምባዛ ዘመድ በትል ይያዛል። አምባዛ ለናፈቀው ሰው መጠኑ ያሳዝናል እንጂ መልኩስ ያው ነው።

ትራውት ሌላ ታሪክ ነው። እኛ አገርም ባሌ ተራራ ወንዞች ውስጥ አለ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚወደው። እዚህ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት (ቦስተን ያለበት) የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየጸደዩ ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ትራውት አርብቶ ወደ ሐይቅና ወንዝ ይለቃል። ኤፕሪልና ሜይ ላይ ከዳር ቆሞ መያዝ ይቻላል። ጁን ሲገባ ግን ላይኛው ውሃ ይሞቃል፣ ታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፣ ሁለቱም ሳይቀላቀሉ ይከርማሉ። ትራውት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን ይጨንቀዋል፣ ስለዚህ ወደ ታች ይወርዳል። ጥልቀት የሌለው ኩሬ ላይ ጁን አጋማሽ ትራውት ፍለጋ መቆም ጊዜ ማባከን ነው። ጥልቅ ወደ ሆነው ሂድ። ኮንኮርድ ያለው ዋልደን ፖንድ 30 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። እዚያም ቢሆን ንጋት ላይ ነው። ፀሐይ እዚህ በጁን በፈረንጅ 5 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓቶች ናቸው ዋናዎቹ። ከሰዓት በኋላ ዋልደን የዋናተኛ ነው፣ መኪና ማቆሚያውም ይሞላል።

የፈቃዱን ነገር ልጨርስልህ። ሐይቅና ወንዝ አንድ ፈቃድ ነው፣ ባሕር ሌላ ነው። ሁለቱም የሚያገለግሉት እስከ ዲሴምበር 31 ስለሆነ በጊዜ ማውጣቱ ያዋጣል። ለሐይቅ ከ15 ዓመት ጀምሮ ያስፈልጋል፤ ከ15 እስከ 17 ያሉት በነፃ ያወጣሉ። ለባሕር ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው፤ 60 የሞላቸው አይከፍሉም፣ ወረቀቱ ግን መያዝ አለበት። ሁለቱም ኦንላይን ይወጣሉ። ልጆችህ ትንንሽ ከሆኑ የአንተ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት መሞከር ከፈለግክ ማሳቹሴትስ በጁን ሁለት ዕድል ይሰጥሃል፦ የወሩ የመጀመሪያ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሐይቅና ወንዝ ያለ ፈቃድ ይጠመዳል፣ የአባቶች ቀን ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ባሕሩ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ከአገር ቤት እርሳስ ይዘህ ከመጣህ ለሐይቅ አትጠቀምበት። ከ2012 ጀምሮ ከአንድ አውንስ በታች የሆነ የእርሳስ ክብደት በሐይቅና በወንዝ ክልክል ነው። ወፎች ይውጡትና ይመረዛሉ። ሱቅ ውስጥ የቆርቆሮ ወይም የብረት አለ።

አሁን ወደ ባሕሩ። እኔን ከጠየቅከኝ የጁን ወር ጣዕሙ እዚህ ነው።

የሁሉም ሰው ወሬ ስትራይፐር ነው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ያሉት ትልቅ ዓሣ። የብርዱን ወራት ደቡብ ይከርማል፣ በጸደይ ቼሳፒክና ሃድሰን ላይ ይራባል፣ ከዚያ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ሜይ ላይ ትንንሾቹ ይደርሳሉ፣ ጁን ላይ ትልልቆቹ ቦስተን ወደብ ውስጥ ናቸው። ምግባቸውን ተከትለው ነው የሚመጡት፤ በዚህ ወቅት ሄሪንግ የሚባል ትንሽ ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዞች ወጥቶ እንቁላል ይጥላል፣ ከዚያም ይመለሳል። ዋተርታውን ግድብ ወይም ሚስቲክ ሐይቆች ላይ ያለው ግድብ ጋ ብትሄድ ሲዘልል ታየዋለህ። ለልጆች ጥሩ ትርዒት ነው። ግን እንዳትነካው! ሄሪንግ መያዝም ሆነ ይዞ መገኘት ከ2006 ጀምሮ በማሳቹሴትስ ክልክል ነው። "ይሄ ሁሉ ዓሣ ዝም ብሎ ሲሄድ" ብሎ በባልዲ ሊቀዳ የሚቃጣው ሰው አይጠፋም፤ ቅጣቱ ቀልድ አይደለም።

ለስትራይፐር ዋናው ነገር ውሃው መንቀሳቀሱ ነው። ቦስተን ላይ በሙላትና በጉድለት መካከል 3 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ለመሙላት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ለመጉደል እንዲሁ። ሞልቶ ወይም ጎድሎ ጸጥ ሲል ዓሣውም ጸጥ ይላል። ውሃው መሄድ ሲጀምር ትንንሽ ዓሦች ይገፋሉ፣ ትልቁ ደግሞ አፉን ከፍቶ ጥግ ላይ ይጠብቃል። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ስለዚህ "ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጥሩ ነበር" የሚልህን ሰው ሰምተህ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ብትሄድ ውሃው ተቃራኒ ሆኖ ይጠብቅሃል። ስልክህ ላይ የታይድ (የሙላትና የጉድለት ሰዓት) ሰንጠረዥ ጫንና ውሃው የሚሞላበት ሰዓት ከንጋት ወይም ከምሽት ጋር የሚገጥምበትን ቀን ምረጥ። ቀትር ላይ ፀሐይ ስታቃጥል ስትራይፐር ከዳር አይገኝም፣ ወደ ጥልቁ ይገባል።

ከልጆች ጋር ካስል አይላንድ ይሻላል። ደሴት ይበሉት እንጂ በመኪና ይገባል፣ መራመጃው ሰፊ ነው፣ የማጥመጃ መድረክ አለው፣ ዓሣ እምቢ ካለ ልጆቹ በላያቸው የሚያልፈውን አውሮፕላን ይቆጥራሉ። ዲር አይላንድና ሴለም ዊሎውስም ደህና ናቸው። ወደቡ ቆሻሻ ነው የሚል የድሮ ወሬ ትሰማለህ። ዲር አይላንድ ላይ ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያ ከተሠራ ወዲህ ውሃው በጣም ተለውጧል። ሰኔ ንፋሱ ከባሕር ስለሚመጣ ጃኬት ያዝ፤ ከተማው ላብ በላብ ሆኖ እያለ ዳር ላይ ይበርዳል።

ደንቡን ልብ በል። አሁን ባለው ሕግ በቀን አንድ ስትራይፐር ብቻ ነው፤ እሱም ከ28 ኢንች ያላነሰ፣ 31 ኢንች ያልደረሰ። ከዚያ በታች ያለውም በላይ ያለውም ይመለሳል። ቁጥሩ ስለቀነሰ ነው እንዲህ የጠበበው። በዓሣ ቁራጭ ወይም በትል የምታጠምድ ከሆነ ደግሞ መንጠቆው ሰርክል ሁክ መሆን አለበት፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው። እሱ ሆድ ውስጥ ሳይገባ ከንፈር ላይ ስለሚይዝ የመለስከው ዓሣ ይተርፋል። ሐዋሳ እንደለመድነው ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን ወደ ላይ አትመንጭቀው፤ ዝም ብለህ ሪሉን (የክሩን መጠቅለያ) ጠቅልል፣ ራሱ ይያዛል። እነዚህ ቁጥሮች በየዓመቱ ሊቀየሩ ስለሚችሉ ከመሄድህ በፊት የክፍለ ግዛቱን ገጽ አንዴ ተመልከት።

ኬፕ ኮድ ካናል ሂድ ያሉህም አሉ። ትልቅ ዓሣ ያለበት ቦታ ነው፣ አልክድም። 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፣ በውስጡ የሚያልፈው ውሃ እንደ ጎርፍ ወንዝ ይሄዳል፣ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይቀይራል። ዳሩ የሚያዳልጥ ድንጋይ ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ቦታ አይደለም። ብቻህን፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ ጠንካራ ዘንግ ይዘህ ሂድ።

ለመብላት ከሆነ የምታጠምደው፣ ስትራይፐርን ተወውና ወደ ደቡብ ንዳ። ኬፕ ኮድ ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሰሜኑ ያለው የቦስተን ባሕር ጁንም ላይ ቀዝቃዛ ነው። ከደቡቡ ያለው ባዛርድስ ቤይና የሮድ አይላንዱ ናራጋንሴት ቤይ ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ ስካፕ ሜይ ላይ ወደዚያ ይገባል፣ ጁን ላይ ሞልቷል። ስካፕ የሰሃን መጠን ያለው፣ ብርማ፣ ነጭ ሥጋ ያለው ዓሣ ነው። ኦንሴት ላይ ካለው መድረክ፣ ወይም ኒው ቤድፎርድና ፌርሄቨን ጋ ካለው የማዕበል መከላከያ ግንብ ላይ ቆመህ በስኩዊድ ቁራጭ ይያዛል። ሁለት መንጠቆ፣ ከሥር ክብደት፣ በቃ። ልጆችም ይችሉታል። ክንፉ ላይ ያለው እሾህ እጅ ይወጋል፣ ስለዚህ በፎጣ ያዝ። ትንሹ የሚፈቀደው ርዝመት ከዳር ለሚያጠምድና ከጀልባ ለሚያጠምድ ይለያያል፤ ማስመሪያ ከኪስህ አይጥፋ።

ቅርፊቱን ፍቀህ፣ ጎንና ጎኑን ሰንጥቀህ፣ ዘይት ውስጥ ሙሉውን ጥበሰው። ከዳጣ ጋር ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ያለህ ይመስልሃል። በረዶ የሞላ ኩለር ይዘህ ሂድ እንጂ በፌስታል አንጠልጥለህ አትዙር፤ ጁን ላይ ሁለት ሰዓት ይበቃል ሥጋውን ለማበላሸት። ይሄ ወቅት የሐዋርያት ጾምም ስለሚገባበት ጥያቄው ይመጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

የሐይቁስ ይበላል ወይ ላልከው፣ ከልጆችህ አንጻር ነው የምመልስልህ። የማሳቹሴትስ ጤና መሥሪያ ቤት ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከክፍለ ግዛቱ ሐይቅና ወንዝ የተጠመደ ዓሣ እንዳይበሉ ይመክራል፤ ምክንያቱ ሜርኩሪ ነው። ተረብቶ የሚለቀቀው ትራውት ብቻ ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ ብሉጊሉን ልጆቹ ይያዙት፣ ፎቶ ያንሱት፣ ይመልሱት። ከቦስተን ወደብ የሚወጣ ፍላውንደር (ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ) እና ዛጎል ያለው ነገርም ለእነዚሁ ሰዎች አይመከርም።

ሣር ውስጥ አልፋችሁ ወደ ኩሬ ከወረዳችሁ ማታ ልጆቹን ገላቸውን ስታጥብ መዥገር ፈልግ። ከብብት ሥር፣ ከጉልበት ኋላ፣ ፀጉር ውስጥ። የላይም በሽታ የምታስተላልፈው ትንሿ መዥገር የምትበዛው በዚሁ ወቅት ነው፣ ለዓይንም ታስቸግራለች። ረጅም ሱሪ አልብሳቸው፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተተው።

ለዕቃው ብዙ አታውጣ። ለልጆቹ አጭር ዘንግ፣ ለአንተ ለባሕር የሚሆን መካከለኛ ዘንግ ይበቃል። የባሕሩን ሪል ሁሌ ቤት ስትገባ በንጹህ ውሃ አጥበው፣ ጨው ይበላዋል። የምትኖርበትን ከተማና መኪና እንዳለህ ወይም እንደሌለህ ጻፍልኝ፤ ለመጀመሪያው ቅዳሜ የትኛው ሰዓት ላይ ሙላቱ እንደሚገጥምህ አይቼ እነግርሃለሁ።