በኦንላይን የመኪና ጨረታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጫረቱ

አሜሪካ ገና የገባ ወገን ኡበር ልጀምር ብሎ መኪና ሲያፈላልግ፣ አንዱ ጓደኛው «ኮፓርት ላይ በግማሽ ዋጋ ታገኛለህ» ይለዋል። ኮፓርት በአብዛኛው የተጎዱ መኪኖች በኦንላይን ጨረታ የሚሸጡበት ድርጅት ነው። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ግን ከዋጋው በፊት ታይትሉን፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀቱን እዩ።

ኮፓርትና መሰሉ አይኤኤ ላይ ከሚቀርቡት መኪኖች አብዛኞቹ ኢንሹራንስ ካሳ ከፍሎ የተረከባቸው ናቸው። የተጋጩ፣ ጎርፍ የገባባቸው፣ ተሰርቀው የተገኙ። ስለዚህ ብዙዎቹ ሳልቬጅ ታይትል (ኢንሹራንስ አይጠገንም ብሎ የተወው የሚል ወረቀት) ይዘው ነው የሚሸጡት። አሠርታችሁት የስቴቱን ምርመራ ቢያልፍ እንኳ ወረቀቱ ሪቢልት (ተጎድቶ የተሠራ) ይሆናል እንጂ ክሊን (ንጹህ) አይሆንም። ኡበርም ሆነ ሊፍት ደግሞ ሪቢልት መኪና አያሠሩም። መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር ለውጥ የለውም። ያጠራቀመውን ሁሉ አፍስሶ ይህን በኋላ የሚሰማ ሰው በጣም ያሳዝነኛል። «ለመለዋወጫ ብቻ» የሚል ወረቀት ያለውንማ እለፉት፤ ታርጋ አያገኝም።

«ራን ኤንድ ድራይቭ» የሚለው ምልክትም አያታልላችሁ። መኪናው የጨረታው ድርጅት ግቢ በደረሰ ቀን ተነስቶ ተንቀሳቅሷል ማለት ብቻ ነው። ሽያጩ ባለበት ሁኔታ ስለሆነ መመለስ የለም። ከተቻለ መካኒክ ይዛችሁ ግቢው ድረስ ሂዱ። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ጭቃ ወይም የውሃ ምልክት ካለው ጎርፍ ገብቶበታል። ምንጣፉንም ገልጣችሁ የወንበሩን ብረት ዝገት እዩ። ርቆ ለሚገኝ መኪና ቢያንስ ባለ 17 ፊደልና አሃዙን ቪን (የመኪናውን መለያ) ኤንአይሲቢ በሚባለው የኢንሹራንስ ወንጀል ተከታታይ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገቡት። እዚያ ምንም አልወጣም ማለት ግን ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ያሸነፋችሁበት ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። የገዢ ክፍያ አለ፣ የግቢ ክፍያ አለ፣ በኢንተርኔት ስለተጫረታችሁም ይጨመራል። በአንዳንድ ስቴት ፈቃድ የሌለው ሰው በቀጥታ መግዛት ስለማይችል ለብሮከር ትከፍላላችሁ። ከዚያ መጎተቻ፣ ጥገና፣ ምርመራ። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፉ። ያው ሞዴል፣ ተሠርቶ፣ በሪቢልት ታይትል ስንት እንደሚሸጥ አጣሩና ወጪውን ቀንሱለት። የቀረው ቁጥር ጣሪያችሁ ነው። የጨረታው ዋጋ ወደዚህ ጣሪያ ከቀረበ ባይገዛ ይሻላል እላለሁ፤ ሲፈታ ያልታየ ጉዳት የማይወጣበት መኪና ብዙም አላየሁም።

ሰው የሚከስረው ደግሞ በእልህ ነው። ጨረታው በሰከንዶች ነው የሚሮጠው። «በመቶ ዶላር ልበለጥ?» እያለ አንድ ሺህ የሚጨምር አለ። ስለዚህ ጣሪያችሁን ቀድማችሁ አስገቡ፤ ሲስተሙ እስከዚያው ድረስ ቀስ በቀስ ይጫረትላችኋል። እናንተ ስክሪኑን ዝጉና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

ወደ አገር ቤት ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውሱ።

ካሸነፋችሁ በተባለው ቀን ክፈሉ። መጎተቻውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ቀኑ ካለፈ ግቢው በየቀኑ የማቆሚያ ያስከፍላችኋል።