መልስ፦ የሚያታ ውሃ መግባትና የምንጣፍ ሽታ

ወንድሜ፣ ከዝናብ በኋላ በሚያታህ (የጨርቅ ጣሪያዋ በሚታጠፈው ባለሁለት መቀመጫ የማዝዳ መኪና) ከመቀመጫው ጀርባ ምንጣፉ ይርሳል፣ ይሸታልም ላልከው፣ ጣሪያውን ለመቀየር አትቸኩል። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ማዝዳ ሚያታዎች ከጣሪያው ጨርቅ የሚወርደው ውሃ በግራና በቀኝ፣ ከመቀመጫ ቀበቶዎቹ ጀርባ ባሉ ቀዳዳዎችና ከእነሱ በሚወርዱ ቱቦዎች አልፎ መኪናው ሥር ይወጣል። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል።

ጣሪያውን ግማሽ ድረስ አጥፈህ ጭቃውን በጣትህ ዛቅ፣ ከዚያ የሣር ማጨጃ ፕላስቲክ ክር ቀስ አድርገህ ወደ ቀዳዳው አስገባ። የብረት ሽቦ በፍጹም! ቱቦውን ይበሳዋል፣ ውሃው በሩ ሥር ባለው የመኪናው የብረት አካል ውስጥ ተጠራቅሞ ከውስጥ ያዝገዋል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምርበት፤ ከኋላ ጎማው ቀደም ብሎ መሬት ላይ ካልፈሰሰ ገና አልተከፈተም።

ሽቶ አትርጭ። ምንጣፉ ላዩ ቢደርቅም ከሥሩ ያለው ወፍራም ንጣፍ ውሃ ይይዛል፤ መቀመጫውን በ14 ሚሊሜትር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ፈትተህ ንጣፉን አውጣና ፀሐይ ላይ አድርቀው። ሻጋታ ከያዘው ቀይረው።