ነዳጅ ማደያ ውስጥ ብክለት ለመመርመር በተቆፈረ ጉድጓድ፣ አፈሩ ቤንዚን እየሸተተ የውሃው ናሙና ለምን ንጹህ ይወጣል?

ችግሩ ወንፊቱ፣ ማለትም ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የጉድጓዱ ቧንቧ ክፍል፣ ያለበት ጥልቀት ነው። የከርሰ ምድር ውሃው 6 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው ብለሃል፤ የቧንቧህ ወንፊት ግን ከ9 እስከ 12 ሜትር ነው። ቤንዚን ከውሃ ይቀላል፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። አንተ የቀዳኸው ከሥሩ ነው። ላብራቶሪው አልተሳሳተም።

ስለዚህ ከማደያው የነዳጅ ታንኮች አጠገብ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ወደሚሄድበት በኩል፣ ሌላ ጉድጓድ አስቆፍር። ወንፊቱ ከ4 እስከ 8 ሜትር አካባቢ ይሁን። ውሃው ሲሞላም ሲጎድልም የላይኛው ወለሉ ከወንፊቱ መውጣት የለበትም።

ከመቅዳትህ በፊት ነዳጅና ውሃ በሚለይ መለኪያ እይ። የተንሳፈፈ ነዳጅ ካለ ውፍረቱን መዝግብ፤ ቧንቧው ውስጥ የምታየው ውፍረት ግን ብዙ ጊዜ አፈሩ ውስጥ ካለው ይበልጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል፣ የፈሰሰውን ነዳጅ መጠንም አጋንኖ ያሰላል።

ነዳጅ ካልተንሳፈፈ ናሙናውን ጠርሙሱ ውስጥ አየር ሳታስቀር ጢም አድርገህ ሙላ፣ በበረዶ አቀዝቅዘህ ላክ። ቤንዚን ውስጥ የሚገኙት ኬሚካሎች፣ ቤንዝን፣ ቶሉይን፣ ኢታይልቤንዝንና ዛይሊን፣ ይመርመሩልህ። የድሮውን ጉድጓድ አትድፈነው፤ ብክለቱ ወደ ታች መውረድ አለመውረዱን የሚነግርህ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የመጀመሪያውን 1.5 ሜትር በማሽን ሳይሆን በእጅ አስቆፍር። ከታንክ ወደ ማደያው ፓምፕ የሚሄደው ቧንቧ ፕላኑ ላይ በተሳለበት ቦታ የማይገኝባቸውን ማደያዎች ደጋግሜ አይቻለሁ። ቧንቧውን ከመታኸው አዲስ ፍሳሽ ጨመርክበት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የድሮውን ብክለት ከአዲሱ መለየት ትልቅ ራስ ምታት ነው። እሳት የመነሳቱን ነገርማ ተወው።