የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የቧንቧ ውሃ ከግድቡ እስከ ሮቶው

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የምንኖረው የካ አባዶ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠቀመው ጣሪያ ላይ ካለው የጋራ ሮቶ ነው። ፈረቃው ደርሶ ውሃው ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚወርደው የቀጠነ ሻይ ይመስላል። ባለቤቴ «ከተፈላ ምንም አይልም» ይላል። እኔ ግን ለሕፃኑ ልጃችን የታሸገ ውሃ እገዛለሁ፤ ወጪው ከብዶናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ባለቤትዎ ማፍላትን በማመናቸው አልተሳሳቱም፤ ሆኖም ማፍላት የሚገድለው ተሕዋስያንን ነው እንጂ የውሃውን መልክ ያበላሸውን ዝገትና ደለል አያስወግድም። የጥያቄዎ ዋና ጉዳይ ደግሞ ውሃው ከማጣሪያ ጣቢያው ወጥቶ እናንተ ቤት እስኪደርስ በመንገድ ላይ የሚገጥመው ነገር ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም በአቃቂና በሌሎች አካባቢዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። በተለይ ወደ ለገዳዲ የሚገባው ውሃ ረቂቅ የሸክላ አፈር የተሸከመ በመሆኑ ለቀናት ቢቀመጥ እንኳ በራሱ አይጠራም። ስለዚህ ማጣሪያ ጣቢያው ውስጥ ጭቃውን እያያያዘ የሚያዘቅጥ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ከዚያም በአሸዋ ተጣርቶና ክሎሪን ገብቶበት ይላካል። ችግሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ፈረቃው ሲቋረጥ ቱቦው ባዶ ስለሚሆን ግፊቱ ይወድቃል፤ ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ስንጥቅ ካለው፣ ስንጥቁም በፍሳሽ መውረጃ አጠገብ ከሆነ፣ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ውሃው እንደገና ሲለቀቅ ደግሞ ኃይሉ በቱቦው ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ዝገት አራግፎ ያመጣዋል። እርስዎ የሚያዩት የሻይ መልክ ይህ ነው። ዝገቱ ብረት ስለሆነ በራሱ የሚያሰጋ አይደለም፤ የሚያሰጋው በዓይን ሳይታይ አብሮት ሊገባ የሚችለው ነው።

ክሎሪኑም እየተጓዘና እየቆየ ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት ተጠቃሚው ዘንድ በሚደርሰው ውሃ ውስጥ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲቀር ይመክራል፤ ፀሐይ ሲመታው በሚውል ሮቶ ውስጥ ለቀናት የቆየ ውሃ ግን ይህ መጠን ላይኖረው ይችላል። በዚህ ምክንያት ከቧንቧ የሚመጣው ቀላል የክሎሪን ሽታ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የብክለት ምልክት አይደለም፤ እኔ እንዲያውም ሽታው ጨርሶ ሲጠፋ ነው የምጠራጠረው። ሽታው ካስቸገርዎ ውሃውን ክዳን ባለው ዕቃ ቀድተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያሳድሩት ይቀንሳል።

እንግዲህ በተግባር የሚደረገው ይህ ነው። ፈረቃው ሲመጣ የመጀመሪያው ውሃ ወደ ሮቶ ከመግባቱ በፊት ቫልቩ ተዘግቶ በታችኛው ቧንቧ ይፍሰስ፤ በባልዲ ተቀብላችሁ ለመጸዳጃና ለወለል መጥረጊያ ተጠቀሙበት። ሮቶውም በየስድስት ወሩ ይታጠብ። በኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ስብሰባ ስለ ጥበቃና ስለ መኪና ማቆሚያ ሲነሳ በየጊዜው እንሰማለን፤ የሮቶ እጥበት አጀንዳ ሆኖ የሚያውቅበት ሕንፃ ግን ጥቂት ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ ከታች የተኛውን ጥቁር አተላ ያየ ሰው አጀንዳውን ራሱ ያስይዘዋል ብዬ እገምታለሁ። ውሃው ተደፍቶ አተላው ከተጠረገ፣ ግድግዳውም በብሩሽ ከታሸ በኋላ ሮቶው በውሃ ተሞልቶ በየ1,000 ሊትሩ 1 ሊትር በረኪና ይጨመርበት። በረኪናው 5 በመቶ ክሎሪን ያለውና ሽቶ ያልተቀላቀለበት መሆን አለበት። 24 ሰዓት ቆይቶ በሙሉ ይደፋ፤ በዚያ ጊዜ ማንም ከሮቶው እንዳይቀዳ ማስታወቂያ በየበሩ ይለጠፍ። በመጨረሻም የክሎሪኑ ሽታ እስኪቀል በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም እርግብና አቧራ እስኪገቡበት ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው።

ወደ ማፍላት ስመለስ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ሙቀት ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል በቂ ቢሆንም፣ በከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድመው እንዲዘቅጥ ያስቀምጡትና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት። ከፈላ በኋላ በዚያው ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ የፈላን ውሃ ወደ አሮጌ ጀሪካን መገልበጥ፣ ወይም የቤቱ ሰው ሁሉ የሚነካውን ጣሳ እየነከሩ መቅዳት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ከጤና ባለሙያዎች ሳይቋረጥ የሰማነውም ማፍላትን፣ በውሃ ማከሚያ መጠቀምንና እጅ መታጠብን ነበር።

ስለ ሕፃኑ፣ ስድስት ወር ካልሞላውና ጡት የሚጠባ ከሆነ ጨርሶ ውሃ አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ ከሆነ በአግባቡ ፈልቶ በአግባቡ የተቀመጠ የቧንቧ ውሃ ይበቃዋል፤ የታሸገውን ለመንገድ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ከቧንቧችን አንዳንድ ጊዜ ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ይወርዳል። ኬሚካል በዝቶበት ይሆን?

መልስ፦ በብርጭቆ ቀድተው አንድ ሁለት ደቂቃ ይመልከቱት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ በግፊት ውሃው ውስጥ የገባ አየር ነው፤ ይጠጡት። ነጩ ነገር ከታች ከዘቀጠ ወይም ካልጠራ ግን አይጠጡት፤ በአቅራቢያዎ ላለው የውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ወንጂ ስለሆነ ጥርሴ ቡናማ ነው። አሁን ልጆቼን የማሳድገው አዲስ አበባ ቢሆንም፣ ክረምቱን የሚያሳልፉት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ከምትጠጣ አያታቸው ዘንድ ነው። ውሃውን አፍልታ ብትሰጣቸው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ጥርስን የሚያበላሸው ፍሎራይድ በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ወደ ጉድጓድ ውሃ የሚገባ ማዕድን እንጂ ተሕዋስ ስላልሆነ እሳት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ መጠኑ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። በአንጻሩ ከግድቦቹ የሚመጣው የአዲስ አበባ ውሃ በዚህ በኩል አያሳስብም። ጉዳቱ ጥርስ ከድድ ከመውጣቱ በፊት ገና ሲሠራ የሚደርስ በመሆኑ ጥንቃቄው በይበልጥ የሚያስፈልገው ከስምንት ዓመት በታች ለሆኑት ነው፤ ለዓመታት በብዛት ሲጠጣ ግን አጥንትንም ይጎዳል። አያትየው ጉድጓዱን እንዲተዉ ማድረግ የግድ አይደለም፤ ለመታጠቢያና ለልብስ ማጠቢያ ምንም አይልም። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ግን ሌላ ውሃ ይፈለግ። ክረምት ስለሆነ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ከወረደ በኋላ ያለውን በንጹሕ በርሜል ይቀበሉና ያፍሉት።